ያልሞተ ኮምፒውተር አትቅበሩብን

ለማይክሮሶፍት ኩባንያ የዊንዶውስ ሥራ ኃላፊዎች
ሬድመንድ

ጉዳዩ፦ የዊንዶውስ 10 አፕዴት መቋረጡንና በደህና የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ 11 መከልከላቸውን ይመለከታል

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የምትሰጡትን የሴኩሪቲ አፕዴት አቆማችሁ። ቀኑን ቀደም ብላችሁ አስታውቃችሁ ስለነበር በድንገት ደረሰብን አልልም። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ግን ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። የጠበቅሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ ኤክስፒን አፕዴት በ2006 ዓ.ም. አቁማችሁ፣ በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ጊዜው ላለፈበት ኤክስፒ ሳይቀር መከላከያውን አውጥታችሁ ለሁሉም በነጻ ሰጥታችኋል። ያን ጊዜ «ዘመኑ ያለፈበት ነው፣ አይመለከተንም» አላላችሁም። በዚህኛው ጊዜ ምን እንደተለወጠ እንድትነግሩኝ ነው የምጽፈው።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገናና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። እንጀራዬን የበላሁት በእናንተ ሥራ ላይ ነው፤ ለብዙ ሰው ዊንዶውስ ጭኛለሁ፣ ከብዙ ሰውም ጋር ስለ ዊንዶውስ ተከራክሬያለሁ።

የሚገባችሁን አልነፍጋችሁም። በ1999 ዓ.ም. ቪስታ ሲወጣ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት አንዱ ጽሕፈት ቤት በፓወር ግዕዝ የተየበው ማመልከቻ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን እንደነበር በዚህ ሥራ የቆየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዊንዶውስ 10 በሐምሌ 2007 ሲወጣም ለዊንዶውስ ሰቨን ተጠቃሚዎች የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ ሰጣችሁ፤ አሮጌ ማሽኖችንም ሳያንገራግር ተቀብሎ አሠራ። በአፋን ኦሮሞ የሚነበብ ዊንዶውስ ግን እስከ ዛሬ አልሠራችሁም፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ እኔ ጋ ከሚተየበው የቀበሌ ደብዳቤ አብዛኛው በዚያ ቋንቋ ነው። እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። አዳማ ውስጥ ከነካርቶኑ አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም የሚገዛው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የወጣውን ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲትዩድ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔም እንዲሁ ነው። ገዢው ሱቅ ሲገባ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ «ስድስተኛ» ወይም «ሰባተኛ» ነው። ስምንት ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ከተገጠመለት ይህ ማሽን ዎርድን፣ ኤክሴልን፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን፣ ኦቶካድን ያለ ችግር ያሠራል። ባትሪው ቢደክም ይቀየራል፤ ኪቦርዱ ቢበላሽ ይቀየራል። ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው።

በእናንተ ዝርዝር ግን ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች የሆነ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ለዊንዶውስ 11 አይበቃም። ምክንያታችሁ ደኅንነት ነው። ቲፒኤም የተባለውን፣ የምስጢር ቁልፍ የሚጠብቀውን ቺፕ በ2.0 ደረጃ ጠየቃችሁ፤ ማሽኑ ሲነሣ የሚጠብቀውን ሴኪዩር ቡትም ጠየቃችሁ። ይሁን። በእጄ ከሚያልፉት የስድስተኛና የሰባተኛ ጀነሬሽን የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሁለቱንም ያሟላሉ። ታዲያ ምን ጎደላቸው? ዝርዝሩ ላይ አለመኖራቸው ብቻ ነው።

«ከጥቂቶች በቀር» ያልሁት በከንቱ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዝርዝሩን ስታሻሽሉ፣ ከጥቂት ሌሎች ጋር፣ ኮር አይ ሰቨን 7820ኤችኪው የተባለው የሰባተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር እንዲገባ ፈቀዳችሁ። ይህ ፕሮሰሰር የራሳችሁ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ውስጥ ያለው ነው። የእናንተ ስም ያለበት ማሽን ሲሆን ሰባተኛ ጀነሬሽን በቃ፤ መቂ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ የያዘው ሰባተኛ ጀነሬሽን ግን አልበቃም። ይህን ያነበብሁ ዕለት ነው በእናንተ ላይ የነበረኝ እምነት የተሸረሸረው።

በዚያው ወር ሌላም ነገር ነገራችሁን። በዊንዶውስ 11 ሙከራ ጊዜ መስፈርቱን ያላሟሉት ማሽኖች 52 በመቶ የበለጠ እንደተበላሹ፣ ያሟሉት ግን 99.8 በመቶ ያለ ብልሽት እንደሠሩ ገለጻችሁ። አኃዙን እንዳለ እንቀበለው። ባሟሉት በኩል ብልሽቱ ከሺህ ሁለት ነው፤ 52 በመቶ ሲጨመርበት ከሺህ ሦስት ገደማ ይሆናል። ከሺህ አንድ ማሽን ለሚያህል ልዩነት ነው ደህናውን ኮምፒውተር ሁሉ የዘጋችሁበት። እኔ የማውቀው የጥገና ሥራ እንዲህ አይደለም፤ ጥገና ማለት የሚሠራውን ዕቃ ማሠራት ነው።

ወደ 11 ማለፍ ካልተቻለ በ10 ላይ እንቆይ ብንልስ? እሱም ተከለከለ፤ የሚያሳዝነውም አፕዴቱ መሠራቱን አለማቆሙ ነው። ኤልቲኤስሲ የምትሉትና ለልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚሸጠው የ2021 (እ.ኤ.አ.) የዊንዶውስ 10 ዓይነት እስከ ጥር 2024 ዓ.ም. ድረስ አፕዴት ያገኛል። ድርጅቶችም በየዓመቱ እጥፍ እየከፈሉ ለሦስት ዓመት ይወስዳሉ። እንግዲህ መሐንዲሶቻችሁ ቀዳዳውን በየወሩ ይደፍናሉ፤ የተደፈነበት ፋይልም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ እኛ ዘንድ እንዲደርስ ብቻ አይፈለግም። የዊንዶውስ 10 ዘመን አበቃ የሚለው ንግግር እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተሠራ ነበር።

ለግለሰብ አንድ ዓመት ጨምረናል ትላላችሁ፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.። መንገዱ ወይ 30 ዶላር መክፈል፣ ወይ በሪዋርድስ ነጥብ መክፈል፣ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ወደ ዋንድራይቭ መላክ ነው። ሠላሳ ዶላር እኛ ጋ ምን እንደሆነ ላስረዳ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። በአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ላሉት ግን የሸማቾች ማኅበራት ስለጮሁላቸው ሴቲንግ የመላኩን ግዴታ አነሣችሁላቸው። ሲጮህባችሁ ደንቡ ይላላል ማለት ነው። ለባቱና ለአርሲ ነገሌ የሚጮህ ማኅበር የለም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ካናሊስ የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት በዚህ ውሳኔ ሰበብ 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተር ወደ ቆሻሻ ሊሄድ እንደሚችል ገምቶ ነበር። ብዙዎች ይህን ሲያነቡ የሚታያቸው የቆሻሻ ክምር ነው። ለእኔ የታየኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ ማሽኖች ብዙዎቹ አይጣሉም፤ በዱባይና በመርካቶ በኩል ዞረው እኛ ጋ ይመጣሉ። የሀብታም አገር ቢሮ አፕዴት ስለማያገኙ ያስወጣቸውን፣ አንድ የአዳማ ተማሪ በቤተሰቡ ቁጠባ ይገዛቸዋል። ሻጩ መስፈርቱን በማለፊያ ዘዴ ዘልሎ 11 ይጭንበትና «ዊንዶውስ 11 ነው» ብሎ ይሸጣል። እናንተ ደግሞ እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አንገባም ብላችኋል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችሁት 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ዓይነት ደግሞ በጣም በቆዩት ማሽኖች ላይ ጭራሹኑ አይነሣም። ጥበቃ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው እጅ የሚገባው ጥበቃ የተነሣለት ማሽን ነው።

እኛ ጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጽሕፈት ቤት ቆሞ ያየ ያውቀዋል። ሰነድ የሚጓዘው በፍላሽ ነው። የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ የጨረታ ሰነድ ሁሉም በፍላሽ ይመጣል፤ አንዱ ፍላሽ በአንድ ቀን ቤት፣ ቢሮ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ካፌ ያዳርሳል። ቀዳዳው ያልተደፈነ አንድ ማሽን ሰፈሩን ሁሉ ይበክላል። በተማሪ ላይ የደረሰውን አይቻለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ተቆልፎበት መክፈቻ ገንዘብ ሲጠየቅ ሰውየው የሚሆነው ያሳዝናል።

«የእናንተ ዊንዶውስ መቼ ተገዝቶ ነው?» የምትሉ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአገራችን ሳይከፈልበት የሚጫን ብዙ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን የምናገርላቸው የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሲሠሩ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዳቸው ላይ ተጽፎ ነው የወጡት። የመጀመሪያው ገዢ ከፍሏችኋል። ባለቤቱ ስለተለወጠ ክፍያው አይሰረዝም።

ሊኑክስ አለላችሁ የሚሉኝም አሉ። ሊኑክስን እወደዋለሁ፣ ለፈለገ እጭናለሁ፤ በአሮጌ ማሽን ላይም ሲሮጥ ያስደስታል። የሒሳብ ሠራተኛው ግን የደንበኞቹን ዓመታት መዝገብ በፒችትሪ ይዟል፤ ጽሕፈት ቤቱ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ሞልቶታል። እነዚህ በዊንዶውስ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሰዎቹም በዊንዶውስ የተማሩ ናቸው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ኮሌጆቻችን ኮምፒውተር ማለት ዊንዶውስ ነው ብለው አስተምረዋል፤ መሥሪያ ቤቶቻችንም ሌላ አማራጭ ሳያስቡ አሥርት ዓመታት አሳልፈዋል። አፕልም ቢሆን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ማክኦኤስ ታሆ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እንደሚሆን አስታውቋል። ሙያው በጠቅላላ አንድ ክፉ ልማድ ይዞታል፤ ዕቃው የሚያረጀው በአገልግሎቱ ሳይሆን በሠሪው ማስታወቂያ ሆኗል።

ስለሚመጣው የምፈራውም ከዚሁ ይወለዳል። ኮፓይለት ፕላስ ላላችኋቸው ኮምፒውተሮች 16 ጂቢ ራምና በሴኮንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮሰሰር (ኤንፒዩ) ጠይቃችኋል። ዛሬ ለተጨማሪ አገልግሎት ነው፤ ነገ ለዊንዶውስ ለራሱ መግቢያ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ስምንተኛ ጀነሬሽን ገዝተን «ተረፍን» ያልነውም እንወድቃለን። ከስክሪኑ ላይ በየጥቂት ሴኮንዱ ፎቶ የሚያነሣውን ሪኮልንም በግንቦት 2016 አስተዋውቃችሁ፣ ሰው ሲቃወም አዘግይታችሁ፣ በኋላ መልሳችሁ አወጣችሁት። የሰው አቤቱታና የሕክምና ወረቀት የሚተየብበት የጽሕፈት ቤት ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም።

ሌላው ስጋቴ ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ማስገደዱ ነው፤ ያለ አካውንት ማለፊያ የነበሩትን መንገዶችም አንድ በአንድ እየዘጋችኋቸው ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳምንታት ቆየ። ኮምፒውተራችን ግን ይሠራ ነበር፤ ሰው ይተይብ፣ ያሳትም፣ ሒሳቡን ይዘጋ ነበር። የምመኘው ዊንዶውስ በዚያ ዓይነት ቀን ማንንም ሳያስፈቅድ የሚከፈተውን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት የሚቀጥለውን፣ ማስታወቂያ የማያሳየውን፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚነበበውን ነው። እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንደማያቅታችሁ አውቃለሁ፤ በተግባር አይቼዋለሁና።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በየወሩ የምትሠሩትን የዊንዶውስ 10 የሴኩሪቲ አፕዴት፣ ለኤልቲኤስሲ እስከምትሠሩበት እስከ ጥር 2024 ዓ.ም. ድረስ፣ ያለ ክፍያና ያለ አካውንት ለሁሉም ልቀቁ። ለሚቀጥለው ዊንዶውስ መስፈርት ስታወጡም ማሽኑ መሥራት መቻሉን ፈትኑ እንጂ የፕሮሰሰሩን ስም ከዝርዝር አትፈልጉ። ለሰርፌስ ስቱዲዮ 2 የከፈታችሁትን በር ለሌላውም ሰባተኛ ጀነሬሽን ክፈቱ። ፋይሉ በእጃችሁ ነው፤ ልቀቁት።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ፣ አዳማ