ለጋያ የሚሆን ጥላ

ትምባሆ የሚጣፍጠው በዝግታ ሲጨስ ነው ባይ ነኝ። ጋያ በሚባለው የቅል ማጨሻ የሚጨስ፣ ተወቅጦ፣ ተጠፍጥፎ የደረቀ ትምባሆ ለጥድፊያ አይመችም፤ በጣት ይፈረፈራል፣ ሸክላው ላይ ሳይጠቀጠቅ ይደረጋል፣ ፍም ይጫንበታል፤ ጭሱም በቅሉ ውኃ ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ጉዳቱን አያስቀረውም። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ቤቶች ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮታቸውም በ10 ሜትር ክልል ማጨስን መከልከሉን ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን እሪ በከንቱን በመሰሉ የፒያሳ መንደሮች አዛውንት ጋያቸውን ይዘው አረፍ የሚሉት ግቢያቸው ውስጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ግቢው ቀረ። አዲስ መንደር የሚነድፉ ባለሙያዎች ከሕፃናት መጫወቻ የራቀ አንድ ጥላና አግዳሚ ወንበር ለአረጋውያን ይተዉ፤ ሕጉም ይከበራል፣ ሽማግሌውም አይገፋም።