ልክ

ምቾት ማለት ልስላሴ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ስሕተት ያወጣኝ ቀይ ባሕር ነው።

ኤላት ላይ መጥለቅ በተማርሁበት ሰሞን የተከራየሁት በአየር የሚነፋ ጃኬት ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ፣ ሲለብሱት እንደ ጋቢ የሚያቅፍ ነበር። ከጥልቁ ወጥቼ ልንሳፈፍ አየር ስሞላው ግን ሽቅብ ተንሸራትቶ አገጬ ሥር ተወተፈ። ማዕበሉ ፊቴን ሲመታኝ አንገቴን ማዞር ተሳነኝ፤ ጨዋማውን ውሃ ዋጥሁ። ያን ቀን ያስፈራኝ ጥልቁ አልነበረም፤ ለምቾቴ የተሠራው ዕቃ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የምጠልቀው በጀርባ ብረትና በማንገቻ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ የጀርባን ቅርጽ ተከትሎ የታጠፈ ዝርግ ብረት፣ በቀዳዳዎቹ የሚሾልክ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወጥ የናይሎን ጠፍር፣ አንድ የወገብ ዘለበት፣ ጥቂት የብረት ቀለበቶች፣ በእግሮች መካከል አልፎ ዕቃው ሽቅብ እንዳይሸሽ የሚይዝ ሌላ ጠፍር። አየር የሚሞላው ክንፍ በብረቱና በሲሊንደሩ መካከል ይቀመጣል። ከፍሎሪዳ የዋሻ ጠላቂዎች የወጣው ስልት የሚጠራው ከእነርሱ በአንዱ፣ በዊሊያም ሆጋርት ሜይን የመካከል ስም ነው። መርሑ አጭር ነው፦ የማያስፈልግህን አትሸከም። ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን መርሕ ያውቀዋል።

ችግራችን የምንመርጠው በየብስ ላይ ሆነን መሆኑ ነው። ሱቅ ውስጥ ሸክሙ ትከሻ ላይ ያርፋልና ስፖንጁ ደስ ይላል። ባሕር ውስጥ ግን ሸክሙን ውሃው ይቀበለናል። ስፖንጁ ደግሞ ራሱ ስለሚንሳፈፍ እርሱን ለማስጠም ተጨማሪ እርሳስ እንታጠቃለን፤ ለልስላሴው ሁለት ጊዜ እንከፍላለን ማለት ነው። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የማይዝግ ብረት ግን የምንታጠቀውን እርሳስ ይቀንስልናል። በአውሮፕላን ለሚጓዝ ቀለል ያለው አልሙኒየም አለ።

ብረቱ የሚመቸው ግን ሲለካ ነው። የመጥለቂያ ልብሴን ለብሼ፣ መዳፌ በትከሻው ጠፍር ሥር ያለ ትግል እስኪገባ፣ እጄን ከራሴ ኋላ ስሰድ የሲሊንደሩን ቫልቭ እስክነካ ድረስ አራት ጊዜ ፈትቼ አሰርሁት። አጥብቆ ማሰር ደኅንነት ይመስላል፤ አየር ሲቋረጥ ቫልቩ ላይ የማይደርስ እጅ ግን የታሰረ እጅ ነው። ጭነቱ በልክ ያልተጫነለት አጋሰስ ገጣባ እንደሚሆን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ጥፋቱ ከክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ከአጫጫኑም ነው።

ይሁንና «ከወጥ ጠፍር በቀር ሁሉም ስሕተት ነው» ከሚሉትም ጋር አልስማማም። ትከሻው የተጎዳ ሰው ክንዱን ከወጥ ጠፍር ማውጣት ይቸግረዋል፤ ትከሻው ላይ የሚፈታ ዘለበት ቢጨምር አያሳፍረውም። ልክ የሚወሰደው ከገላ ነው፣ ከወገንተኝነት አይደለም።

በአማርኛችን «ልኩን ያውቃል» የምንለው ትሑትን ሰው ነው። ከባሕር በታች ይህ አባባል ሕይወት ያድናል። እናም ውድ አንባቢዬ፣ ሻጩ ለስላሳውን ሲያለብስህ በመስታወቱ ውስጥ ራስህን አትይ፤ እጅህን ወደ ኋላ ስደድና ቫልቩን ፈልግ።