የገዛ ሞተርን በገዛ እጅ ስለ መጠገንና ስሕተትን ስላለመሸሸግ

«ብልኅ ከሰው ስሕተት ይማራል፤ ሞኝ ግን ከራሱ» ሲባል እንሰማለን። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል። ከሰው ስሕተት ለመማር አስቀድሞ ሰውየው ስሕተቱን ሊናገር ይገባዋል። በሞተር ጥገና ሥራ ግን የሠመረለት በየገበያው ሲያወራ የተበላሸበት ዝም ይላል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ገበሬ በሰኔ ያበላሸውን ሞተር ጐረቤቱ በሐምሌ በዚያው መንገድ ያበላሸዋል። ይህን አሳብ ለአንባብያን ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

የገዛ ሞተራችንን በገዛ እጃችን መንካት ይገባናልን? ብሎ ለሚጠይቅ የእኔ መልስ፣ «አዎን፤ ነገር ግን በልክና ስሕተቱን በመጻፍ» የሚል ነው። ምክንያቱን በሌላ ሰው ስም ሳይሆን በራሴ ጥፋት ላስረዳ።

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ጥቂት ዓመታት ኖሬአለሁ። በዚያን ጊዜ በጥቁር ዓባይ ዳር ካሉት የአትክልት ቦታዎች ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ገበያ የማመላልስባት፣ ሱዳኖች «ቦክስ» ከሚሏቸው ወገን የሆነች፣ በናፍታ የምትሠራ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችኝ። ካርቱም በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፣ ሀቡብ የሚባለውም የአቧራ ማዕበል ቀኑን ጨለማ የሚያደርግበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ሞተር ሲታመም በመጀመሪያ የሚታመመው በሙቀት ነው።

አንድ ቀን የሙቀቱ ጠቋሚ ወደ ቀዩ ምልክት ሲወጣ መኪናዋን አቁሜ ወዲያው የራዲያተሩን ክዳን ከፈትሁ። ውኃው ፈልቶ ወጥቶ ክንዴን አቃጠለኝ። በተዘጋ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውኃ በግፊት ስለሚታፈን ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ግን ግፊቱ ስለሚለቀው በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ይህን ዛሬ ዐውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያስተማረኝ ጠባሳዬ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከሰው ወሬ የመጣ ነው። «በሞቃት አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም፤ አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር ሰምቼ አወጣሁት። ሙቀቱ አልቀነሰም፤ ይልቁንም በጥርና በየካቲት ጧት ሞተሩ ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ናፍታ ይበላ ጀመር። እውነተኛው ምክንያት ራዲያተሩ ፊት ላይ ነበር፤ አቧራ፣ ገለባና የሞተ ነፍሳት በክንፎቹ መካከል ተለስነው ነፋስ እንዳያልፍ ከልክለዋል። ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በለዘብታ በሚወርድ ውኃ ቢታጠብ በአንድ ሰዓት የሚድን በሽታ ነበር። እኔ ግን ያየሁትን ሳልመረምር የሰማሁትን ፈጸምሁ።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ስለ ሞቀ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። አዲስ ገዝቼ ራሴ ቀየርሁት፤ ነገር ግን የአሮጌውን ቅሪት በሚገባ አላጠራሁም፤ ብሎኖቹንም ከፊተኛው ጫፍ ጀምሬ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አጠበቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን የዘይቱን መለኪያ ባወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ነጥቷል። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። በዚያው ማቆም ሲገባኝ፣ ቲማቲሙ ተጭኖ ነበርና «ይህችን አንድ ጉዞ ብቻ» ብዬ ነዳሁ። ውኃ የገባበት ዘይት ብረትን ከብረት ሊለይ ስለማይችል የክራንኩ ብሮንዚኖች ተበሉ፤ ሞተሩም በመንገድ ቆመ። ቲማቲሙ የእኔ አልነበረም፤ አምኖ የሰጠኝ የአንድ አትክልተኛ የወር ድካም ነበር። በፀሐይ ላይ በሰበሰ፤ ዋጋውን ለመክፈልና ሞተሩን ለማሠራት የዓመት ቍጠባዬ አለቀ።

ሞተሩን ያዩልኝ በሰፈሩ የታወቁ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። በመጀመሪያ የጠየቁኝ ምን እንደ ተሰበረ ሳይሆን ምን እንዳደረግሁ ነው። እኔም ዐፍሬ፣ «አባቴ፣ ብሎኖቹን እንደሚገባ አጥብቄአለሁ» አልኋቸው። እሳቸውም ቴስታታውን ከፍተው ጓርኒሲዮኑን በእጃቸው ይዘው፣ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ በሌላው ወገን ሳይነካ መቅረቱን አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔን ልትሸሽገኝ ትችላለህ፤ ይህ ግን ተናግሯል» አሉኝ። ከዚያም ብሎን ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር እየተሻገረ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዙር፣ ኃይልን በሚለካ መፍቻ እንደሚጠብቅ አሳዩኝ። በመጨረሻም፣ «ያደረግኸውን ሁሉ ጻፍ፤ ከሁሉ በፊት የተሳሳትኸውን» ብለው አሰናበቱኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመኪናዋ ውስጥ አንድ ደብተር አኖርሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ቀኑን፣ የተጓዝሁትን ኪሎ ሜትር፣ ያየሁትን ምልክት፣ የጠረጠርሁትን ምክንያት፣ የሠራሁትንና ከዚያ በኋላ የሆነውን እጽፋለሁ። የጠረጠርሁትና የሆነው ሲለያዩ ከሥሩ አሠምርበታለሁ። ያ ደብተር ምን እንደ ጠቀመኝ የታወቀው በክፉ ቀን ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳናውያን ወንድሞቻችን ጋራ ከተማዋን እየለቀቁ ሄዱ። ናፍታ ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካን ይሸጥ ነበር። እኔም ከጐረቤቶቼ ጋራ ሕፃናትና ዕቃ ጭነን በወድ መደኒና በገዳሪፍ በኩል ወደ ጋላባትና ወደ መተማ ጉዞ ጀመርን፤ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከወድ መደኒ አልፈን ገዳሪፍ ሳንደርስ ሞተሩ ኃይል እያጣ ሄዶ ቆመ። መካኒክ የለም፤ ጥላም የለም። ደብተሩን ገለጥሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በጀሪካን በገዛሁት ናፍታ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሞተሩ በዚሁ ዓይነት እንደ ቆመ፣ እኔም ሳላውቅ ማስነሻውን ደጋግሜ በማዞር ባትሪውን እንደ ጨረስሁ ተጽፎ አገኘሁ። በዚህ ጊዜ ማስነሻውን አልነካሁም። ከናፍታ ማጣሪያው ሥር ያለውን መፍሰሻ ከፍቼ ውኃውን አወጣሁ፤ በእጅ የሚገፋውን ፖምፓ እየገፋሁ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አየር አስወጣሁ፤ ሞተሩም ተነሣ። ያን ቀን ሕፃናቱን ያሻገራቸው ብልኅነቴ አይደለም፤ የተጻፈው ስሕተቴ ነው።

አሁን ወደ እርሻው ነገር እንመለስ። የገዳሪፍ ሜዳ ከአውሮፓውያን 1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ ነው፤ በእኛም ወገን ሑመራና መተማ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘሩት በትራክተር ነው። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሽንኩርት በውኃ መሳቢያ ሞተር ይጠጣል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ ሆነው እንዲገቡ ፈቅዷል። መሣሪያው መግባቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ገበሬን አይጠብቅም። በቈላው የሰሊጥ መዝሪያ ጊዜ የጥቂት ሳምንታት ነገር ነውና፣ በእነዚያ ቀኖች አንድ የአየር ማጣሪያ በአቧራ ታፍኖ የቆመ ትራክተር የዓመት እኽል ያስቀራል። መካኒኩ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ወቅቱ ያልፋል።

«ያልተማረ እጅ ሞተር ያበላሻል» የሚሉ ባለሙያዎችና ባለሥልጣኖች አሉ። እኔ ራሴ ምስክራቸው ስለሆንሁ አልክዳቸውም። ነገር ግን ያበላሸኝ መንካቴ ብቻ አይደለም፤ ሳልመረምር መንካቴ፣ ሳላውቅ ዐውቃለሁ ማለቴና ከተሳሳትሁ በኋላ መሸሸጌ ነው። እጁን ጨርሶ የሰበሰበ ገበሬም ቢሆን ከጥፋት አይድንም፤ ዘይት ሳይለካ፣ ማጣሪያ ሳይከፍት፣ የውኃ መጠን ሳያይ ሲሠራ ሞተሩ በዝምታ ያልቃል።

ስለዚህ ስሕተቶችን በሦስት ወገን መክፈል ይገባናል። የመጀመሪያዎቹ በርካሽ የሚያስተምሩ ናቸው፤ የዘይት መፍሰሻ ብሎንን ከልክ በላይ አጥብቆ ጥርሱን መጨረስ፣ መኪና በዘንባላ መሬት ቆሞ ዘይት መለካት፣ የተፈቱ ብሎኖችን ደባልቆ የማንኛው ቀዳዳ እንደሆኑ መርሳት እነዚህን ይመስላሉ። ጀማሪ በእነዚህ ቢሳሳት አይዘን፤ ይጻፈው።

ሁለተኛዎቹ ዋጋቸው የከበደ ነው። ቴስታታን መክፈት፣ የሞተሩን ጊዜ የሚያስተካክለውን ቀበቶ መቀየርና የመሳሰለው መጽሐፉን በያዘ፣ የሚያሳይ ሰውም ባለው እጅ ብቻ ሊሠራ ይገባል። የናፍታ መርጫ ፖምፓን ግን መለኪያ ወዳለው ልዩ ባለሙያ መላክ እንጂ በሜዳ መፍታት ፈጽሞ አይገባም።

ሦስተኛዎቹ ማንም ሊማርባቸው የማይፈቀዱ ናቸው፤ ትምህርቱ ሲመጣ ተማሪው የለምና። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት፣ በሚዞር ቺንጋ አጠገብ ነጠላና ጋቢ ለብሶ መቆም፣ በናፍታና በቤንዚን ዙሪያ ሲጋራ ማጨስ፣ ከመርጫው በኃይል የሚወጣውን ናፍታ በጣት መሞከር ከእነዚህ ናቸው። የመርጫው ግፊት ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ቁስሉ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም እጅን እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። ባለቤቱ ዕውቀቱን በሌላ ሰው ሞት ይማር እንጂ በራሱ አይሞክረው።

በስሕተት መማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ታላቁን መድፍ ሴቫስቶፖልን ባሠሩ ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፎ ነበር። ሠራተኞቹ መድፍ የማፍሰስ ሙያ አልነበራቸውም፤ ዳሩ ግን ምድጃው ለምን እንደ ከዳቸው መርምረው እንደገና ሞከሩ፤ መድፉም ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። መድፉ ለምን እንደ ተሠራ የታሪክ ጸሓፊዎች ይከራከሩ፤ ለእኛ የሚበቃን ውድቀቱ ስላልተሸሸገ ሥራው መፈጸሙ ነው።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። የእርሻ መሥሪያ ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትራክተር ወይም የውኃ ሞተር ለገበሬ ሲሰጡ ከመፍቻው ጋራ አንድ ደብተር ይስጡ፤ በየወሩም ገበሬዎቹን ሰብስበው፣ «ማን ምን አበላሸ? እንዴት?» ብለው ያለ ቅጣትና ያለ ሐፍረት ይጠይቁ። በሙያ ትምህርት ቤቶችም የተበላሸ ጓርኒሲዮንና የተበላ ብሮንዚን ከአዲሱ አጠገብ ይሰቀሉ፤ ተማሪው ከሁለቱ ይማራልና። ገበሬውም ከቀላሉ፣ ከማጣሪያና ከዘይት ይጀምር። የከተማ አንባቢም ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑን አይክፈት፤ ቆሞ ይጠብቅ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሪያድ ሰፈር ሽማግሌው የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ይዘው የነገሩኝም ይህንኑ ነው። እኔ ስሕተቴን በዚህ ገጽ ጽፌአለሁ፤ አንባቢም የራሱን ለጐረቤቱ ይንገር።