እድፉ ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥ፦ የፎረንሲክ መዘግየትና የስደተኞች ዕጣ በጆሃንስበርግ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። በልብስ ወይም በአንሶላ ላይ የቀረ የደም፣ የምራቅ ወይም የዘር ፈሳሽ እድፍ ግን እያደር አይጠራም። በጊዜው ካልተመረመረ የሚተወውን ባዶ ቦታ ወሬና ጥላቻ ይሞሉታል። የዚህ ማብራሪያ አቋም ግልጽ ነው፦ የፎረንሲክ ላቦራቶሪ መዘግየት የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ሳይሆን የተጠቂዎችም የስደተኞችም የመብት ጥያቄ ነው።

የክሩገርስዶርፕ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ክሩገርስዶርፕ፣ በአንድ የተተወ የማዕድን ሥፍራ የሙዚቃ ቪዲዮ ይቀርጹ ከነበሩ ሰዎች መካከል ስምንት ሴቶች ተደፈሩ። ፖሊስ ከ80 በላይ ሰዎችን ያዘ፤ «ዛማ ዛማ» በሚባሉት ሕገ ወጥ ማዕድን ቆፋሪዎች ላይም ጣት ተቀሰረ። በኦገስት የአጎራባቿ የካጊሶ ነዋሪዎች የውጭ ዜጎች ናቸው ያሏቸውን ቆፋሪዎች እያሳደዱ ደበደቡ፤ መጠለያቸውንም አቃጠሉ። በኖቬምበር ግን ዐቃቤ ሕግ በ14 ተከሳሾች ላይ የቀረበውን የመድፈር ክስ አነሣ፤ የዲኤንኤ ውጤቱ ከድርጊቱ ጋር አላገናኛቸውም ነበርና።

ዱላው ከላቦራቶሪው ቀደመ። በ2008 ከአሌክሳንድራ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች በሞቱበት አገር ይህ ቅደም ተከተል እንደ ቀላል ስሕተት ሊታለፍ አይገባም። በጄፒ ጎዳና ሱቅ ከፍቶ የሚያድር ኢትዮጵያዊ ነገ በተመሳሳይ ጥርጣሬ ሥር ሊወድቅ ይችላል። የተጠቁት ሴቶችም ቢሆኑ ከጅምላ እስር ያተረፉት ፍትሕ የለም።

«ምንድን ነው?» እና «የማን ነው?»

የእድፍ ምርመራ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው የፈሳሹ ምንነት ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ጠቋሚ ምርመራዎች ፈጣን ናቸው፤ ብቻቸውን ግን ማረጋገጫ አይሆኑም። ሉሚኖል ደም ሲነካ ያበራል፤ በረኪና ሲነካም ያበራል። የአሲድ ፎስፋቴዝ ምርመራ የዘር ፈሳሽን ይጠቁማል፤ ይኸው ኢንዛይም ግን በሌሎች የሰውነት ፈሳሾችም ውስጥ በአነስተኛ መጠን ይገኛል። ስለዚህ አረጋጋጭ ምርመራ ያስፈልጋል፦ የወንድ ዘር ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ወይም ፒኤስኤ የተባለውን የፕሮስቴት ፕሮቲን መፈለግ።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ዲኤንኤ ነው። የተለመደው የዲኤንኤ ምርመራ የማን እንደሆነ እንጂ ከየትኛው ፈሳሽ እንደ መጣ አይናገርም። በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚኖሩ ስደተኞች መካከል የአንዱ ዲኤንኤ በሌላው ብርድ ልብስ ላይ ቢገኝ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ይህን ልዩነት በግልጽ የማያሰፍር ሪፖርት ንጹሑን ሊያስወነጅል፣ ጥፋተኛውንም ሊያስመልጥ ይችላል።

ማነቆው የት ነው?

ደቡብ አፍሪካ ሕግ አልጎደላትም። የ2013ቱ ሕግ ቁጥር 37 ብሔራዊ የፎረንሲክ ዲኤንኤ ቋትና የቁጥጥርና ሥነ ምግባር ቦርድ አቋቁሟል። ይሁን እንጂ በ2020 ፖሊስ ከሶፍትዌር አቅራቢው ጋር በገባበት የውል ውዝግብ ኤግዚቢቶችን የሚከታተለው ሥርዓት ተዘጋ። በ2021 ሳይሠሩ የተከማቹት የዲኤንኤ ምርመራዎች ከ200,000 በላይ ደርሰው ነበር። ከዚህ አኃዝ በስተ ጀርባ ውጤት የምትጠብቅ ሴትና በጥርጣሬ የታሰረ ሰው አሉ።

«ላቦራቶሪውን ማጣደፍ ስሕተት ይወልዳል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የሰው ኃይልና የኬሚካል አቅርቦትን ማሟላት እንጂ ዝምታን ማራዘም አይደለም። ለጅምላ አፈሳ የሚገኝ ገንዘብ ለላቦራቶሪ ሲሆን የሚጠፋበት ምክንያት ሊብራራልን ይገባል።

የምንጠይቀው

1. እያንዳንዱ የላቦራቶሪ ሪፖርት የጠቋሚ ምርመራውን፣ የአረጋጋጭ ምርመራውንና የዲኤንኤ ውጤቱን ለየብቻ፣ ዳኛና ተከሳሽ በሚረዱት ቋንቋ ያስፍር።

2. ፖሊስ ከ90 ቀናት በላይ የዘገዩ የወሲብ ጥቃት ምርመራዎችን ብዛትና የመዘግየቱን ምክንያት በየሩብ ዓመቱ ለፓርላማው የፖሊስ ጉዳዮች ኮሚቴና ለሕዝብ ይግለጽ።

3. ባለሥልጣናት ውጤት ሳይደርስ የተጠርጣሪዎችን ዜግነት እንደ ማስረጃ አድርገው ከመናገር ይቆጠቡ።

4. እንደ ሶዌቶው የባራግዋናት ሆስፒታል ያሉ የቱቱዜላ ማዕከላት ስለ መኖሪያ ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዲያስተናግዱ፣ መረጃውም በአማርኛና በሌሎች የስደተኞች ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ ይደረግ። ተጠቂ ወደ ማዕከሉ በቀጥታ መሄድ ትችላለች። በተለይ ከ72 ሰዓት በኋላ ከሰውነት ናሙና የማግኘት ዕድል እየጠበበ ስለሚሄድ ፈጥኖ መድረስ ወሳኝ ነው። ልብስ ሳይታጠብ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፤ እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ ከታሸገ ማስረጃውን ሻጋታ ያበላሸዋል።

የምክር ቤት አማካሪዎች በቀጣዩ የበጀት ውይይት እነዚህን አራት ነጥቦች በጥያቄ መልክ ለሚኒስትሩ እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችንም ከጥቃት መጠበቅን ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ላቦራቶሪንም እንደ መብታቸው ይጠይቁ።