የመኪናው ወለል ሲቆረጥ፦ የጭስ ማውጫ ለውጥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

በበዓል ዋዜማ በግ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ የከተማ ነዋሪም ሆነ እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርስ አርሶ አደር፣ ንብረቱን በአንድ የቤት መኪና የኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ሲያስገባ ስለ ዋጋው ይከራከራል፤ ስለ መንገዱ ይጠይቃል። ከዕቃው ሥር ያለው የብረት ወለል ሙሉ ይሁን ወይም የተቆረጠ ግን አይጠይቅም። ሊጠይቅ የሚገባበት ምክንያት አለ።

አንዳንድ የመኪና ባለቤቶች ድምፁ የወፈረ፣ ቱቦው የሰፋ ወይም ጫፉ ሁለት የሆነ ጭስ ማውጫ ማስገጠም ይፈልጋሉ። ነገር ግን ከትንሽ የቤት መኪና ሥር ትርፍ ቦታ የለም። የነዳጅ መያዣው፣ የኋላ እግሩ አካላትና የትርፍ ጎማው ጎድጓዳ ማስቀመጫ ቦታውን ቀድመው ይዘውታል። ስለዚህ አቋራጭ መንገድ ይፈለጋል። የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ በግራይንደር ይቆረጣል፤ ትልቁ ማርሚታ በዚያ በኩል ይቀመጣል፤ ክፍተቱ በስስ ላሜራ ተሸፍኖ ይበየዳል፤ ከላይ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የተለወጠ ነገር የለም።

ጉዳዩ የአንድ ባለቤት የግል ምርጫ ይመስላል። ሆኖም የለውጡ ደስታ የባለቤቱ ሲሆን፣ አደጋው በአብዛኛው የሚተላለፈው ከኋላ ወንበር ለሚቀመጠው ተሳፋሪ፣ መኪናውን ነገ ለሚገዛው ሰውና በመንገዱ ዳር ለሚኖረው ነዋሪ ነው። ክርክሩም መነሳት ያለበት ከዚህ ነው።

ለምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት ጉልበት ይጨምራል የሚለው እምነት ነው። የተቃጠለው ጋዝ ከሞተሩ የሚወጣው እንደ ልብ ትርታ እየተቆራረጠ ነው። ማርሚታ በውስጡ ባሉት ክፍሎችና የተበሱ ቱቦዎች አማካኝነት ይህን ትርታ ሰብሮ ድምፁን ያለዝባል። በከፍተኛ ዙር ለሚሠራ የውድድር ሞተር ሰፊ ቱቦ ጥቅም አለው። በከተማ ውስጥ በዝቅተኛ ዙር ለሚነዳ አንድ ሺህ ወይም አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ሞተር ግን የኋላውን ማርሚታ ብቻ መቀየር የሚያመጣው ልዩነት እምብዛም ነው። እንዲያውም ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሚያሳየው አቅም ሊቀንስ ይችላል። ድምፅ ጨመረ ማለት ጉልበት ጨመረ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በዕድሜ በገፉ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በዚህ ሁኔታ በእጅ ያለው የቤንዚን መኪና በቀላሉ በሌላ የሚተካ አይደለም። ይጠገናል፤ ይበየዳል፤ እንደገና ይሠራል። ዋናው ማርሚታ ዝጎ ሲበሳ ኦሪጅናሉን ከመግዛት በሀገር ውስጥ ከላሜራ የተሠራ ማስገጠም ይረክሳል። የተሠራው ዕቃ መጠኑ ከቦታው ጋር ካልገጠመም፣ ቦታው ለዕቃው እንዲመች ይደረጋል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት ባትላሜራዎችና በያጆች የሀገሪቱን ያረጁ መኪኖች በመንገድ ላይ ያቆዩ ባለሙያዎች ናቸው። ጥያቄው የሙያ ችሎታቸውን የሚመለከት አይደለም፤ የሚቆረጠው ብረት ምን ሲሠራ እንደነበር የሚመለከት ነው።

ወለሉ የሚሠራው ሦስት ሥራ

የዕቃ መጫኛው ወለል የመጀመሪያ ሥራ ጋዝን መከላከል ነው። መኪና ወደ ፊት ሲሄድ ከበስተኋላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈጠራል። ከጭስ ማውጫው የወጣው ጋዝም ወዲያው ተበትኖ አይጠፋም፤ በዚያ ቦታ ይሽከረከራል። በወለሉ ላይ ቀዳዳ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም በደንብ የማይዘጋ የኋላ በር ካለ ጋዙ ወደ ውስጥ ይሳባል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ደግሞ የዕቃ መጫኛውን ከተሳፋሪው የሚለየው የወንበር መደገፊያ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ዕቃ መጫኛ የገባ ጋዝ ወደ ሰውም ይደርሳል።

ከጋዞቹ መካከል አደገኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ኦክስጅንን በደም ውስጥ ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂቱ እንኳ ረዘም ላለ ጊዜ ሲተነፈስ ሰውነትን ከኦክስጅን ያራቁታል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መጫጫን ናቸው። ተሳፋሪው እነዚህን የመንገድ ድካም ወይም የረኀብ ስሜት አድርጎ ሊወስዳቸው ይችላል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና በማኅፀን ያለ ፅንስ ደግሞ ይበልጥ ተጎጂዎች ናቸው።

ለደጋው ነዋሪ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቀሪው ላይ ሲቀንስ ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል። በካርቡሬተር የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮችም ለከፍታው ካልተስተካከሉ ከአየሩ መጠን በላይ ነዳጅ ስለሚወስዱ፣ የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። ጭሱን ያጣራል ተብሎ የተገጠመው ካታሊስት በለውጡ ጊዜ ተነቅሎ ከወጣ ደግሞ መርዙን የሚቀንስ ነገር አይኖርም።

የወለሉ ሁለተኛ ሥራ ጥንካሬ ነው። ጎድጓዳው የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ለጎማ ብቻ የተሠራ አይደለም። ቅርጹ ስስ የሆነውን የኋላ ወለል አጠንክሮ ይይዛል፤ ከኋላ በሚደርስ ግጭትም ኃይሉን ከሚከፋፈሉት አካላት አንዱ ነው። በተቆረጠው ቦታ የሚበየደው ጠፍጣፋ ላሜራ ይህን ሥራ አይተካም። በብየዳው ሙቀት ፀረ ዝገት ሽፋኑ ስለሚቃጠልም፣ በክረምቱ ጭቃና ውኃ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ የተደፈነው ከጥቂት ክረምት በኋላ ተመልሶ ይከፈታል።

ሦስተኛው ሥራ ሙቀትን ማራቅ ነው። የፋብሪካው መሐንዲሶች በጭስ ማውጫውና በወለሉ መካከል የአየር ክፍተት ይተዋሉ፤ በሚያስፈልግበት ቦታም የሙቀት መከላከያ ይገጥማሉ። ማርሚታው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከላሜራው ጋር ሲቀራረብ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ዕቃው ይደርሳል። ምንጣፍ፣ ጆንያ፣ ካርቶንና ገለባ በዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ቤንዚን በጀሪካን መጫን በማንኛውም መኪና አደገኛ ነው፤ ከጋለ ማርሚታ በላይ መጫን ግን እሳትን ከነዳጅ በስስ ብረት ብቻ መለየት ነው። በመኸር ወቅትም መኪናው በደረቅ ሣር ወይም በአውድማ ዳር ሲቆም፣ ያለ መከላከያ የተገጠመና ወደ መሬት የወረደ ቱቦ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ልፋት ሊያቃጥል ይችላል።

ጩኸቱና ጎረቤቱ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በቀኑ አማካይ ከ53 ዴሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ከዚያ በላይ የሆነ ድምፅ እንቅልፍን ያውካል፤ በልብ ጤና ላይም ጫና ያሳድራል። የዴሲቤል ስሌት እንደ ተራ ቁጥር አይቆጠርም። አሥር ዴሲቤል ጨመረ ማለት የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማርሚታው የተነካ አንድ መኪና በሌሊት ሲያልፍ፣ ሕሙማን የተኙበትን ጤና ጣቢያና ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎችን ቤት በአንድ ጊዜ ይረብሻል።

በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ዓይነቶች ጋር በማየት፣ የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ይደነግጋል። የሕግ መሠረት አለ ማለት ነው። አዋጁ በመንገድ ላይ የሚታየው ግን ድምፅ የሚለካ መሣሪያና የሚለካ ባለሙያ ሲኖር ነው።

ቁጥጥሩ የት ላይ ይላላል?

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ ተመርምረው ብቃታቸው እንዲረጋገጥ ያዛል። ይህ ምርመራ ጠቃሚ ነው። ሆኖም መኪናውን የሚያየው ከዓመቱ ቀናት በአንዱ ብቻ ነው። ማርሚታ በጥቂት ብሎኖች የሚፈታና የሚታሠር ዕቃ ስለሆነ፣ ለምርመራው ቀን የቀድሞውን መልሶ ማሠር በብዙ ሀገራት የታወቀ ማታለያ ነው። ሊደበቅ የማይችለው የተቆረጠው ወለል ነው። እርሱም የሚታየው መርማሪው የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ሲያነሳና ከሥር ገብቶ ብየዳውን ሲመለከት ብቻ ነው።

የሌሎች ሀገራት ልምድ ቁጥጥሩ ከጋራዡ እንዲጀምር ያመለክታል። በአሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ ካታሊስትንና መሰል የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎችን መንቀል የሚከለክለው ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚሠራውን ማንኛውንም ሰው ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ሥር ደግሞ ደንብ ቁጥር 59 በምትክነት የሚሸጡ ማርሚታዎች ተፈትነው የማረጋገጫ ምልክት እንዲኖራቸው ያደርጋል። በሁለቱም አሠራር ጥያቄው የሚነሳው መኪናው መንገድ ከወጣ በኋላ ሳይሆን ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ነው።

ይህን እንዳለ መቅዳት ግን አይቻልም። ብየዳ ቤቶችን በጅምላ ማሸግ ሥራውን ወደ ተዘጋ ግቢ ያስገባዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የብዙ ወጣቶችንም እንጀራ ይነካል። የሚያዋጣው ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው። ያረጀን ማርሚታ በተመሳሳይ መጠንና ቦታ መተካት ጥገና ነው፤ ሊበረታታ ይገባል። ወለል መቁረጥ፣ ካታሊስት መንቀል ወይም የቱቦውን መስመር መቀየር ግን የመኪናውን ባሕርይ መለወጥ ስለሆነ ከሥራው በፊት የባለሙያ ማረጋገጫ ሊጠየቅበት ይገባል። ጋራዡም የሠራውን ሥራ በደረሰኝ ላይ በዝርዝር ቢጽፍ፣ ተጠያቂነቱ ለሠሪውም ለባለቤቱም ግልጽ ይሆናል። ለመድን ድርጅቱ ያልተነገረ ለውጥ አደጋ ሲደርስ በካሳ ላይ ክርክር ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ደረሰኙ የሚጠቅመው ባለቤቱን ራሱን ነው።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንስቶ ወለሉን መመልከት አለበት። ጠፍጣፋ የተበየደ ላሜራ፣ አዲስ ቀለም ወይም የጠፋ የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ካየ ሻጩን ይጠይቅ። ሌላም ቀላል መፈተሻ አለ። በጨለማ አንድ ሰው ሞተሩ በጠፋው መኪና ሥር የእጅ ባትሪ ሲያበራ፣ ሌላው ከውስጥ ወለሉን ይመልከት። ብርሃን ባለፈበት ቀዳዳ ጋዝም ያልፋል።

ሹፌሮች ረጅም እንጨት ወይም ትልቅ ዕቃ ለመጫን ሲሉ የኋላውን በር ከፍተው ከመንዳት ቢታቀቡ ይመረጣል፤ ወለሉ ሙሉ በሆነ መኪናም ጭሱ በተከፈተው በር ይገባልና። ከተሳፋሪዎች ከአንድ በላይ የሆኑት በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው መኪናውን አቁሞ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሕመሙ የጠናበትን ሰው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ሕፃናትን በዕቃ መጫኛ ውስጥ ማስቀመጥም ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

የነዳጅ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት በየመንገዱ ይቆያሉ። በየዓመቱም ያረጃሉ፤ በየዓመቱም ወደ በያጁ ይመለሳሉ። ስለዚህ ከበያጁ ጋር የሚደረገው ውል ግልጽ መሆን አለበት። ብረቱን መቁረጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ በወለሉ ላይ የሚሳፈሩት ግን ብዙዎች ናቸው፤ ማናቸውም አልተጠየቁም።