ከልኩ የበለጠ ጎማና የሚያስከትለው ወጪ

ለላንድክሩዘሩ ከፋብሪካው ልክ የበለጠ ጎማ የሚፈልግ ደንበኛ ወደ መደብር ሲመጣ፣ ሻጩ ብዙውን ጊዜ የሚነጋገረው ስለ ዋጋውና ስለ ጎማው ጥርስ ብቻ ነው። ሊጠይቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አውቶሞቢሉ ምን እንደሚጭን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ከጎማው በኋላ ለሚከተለው ወጪም ገንዘብ ተቀምጦ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አለው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከገለጹ፣ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በእጅ ያለው የናፍጣ አውቶሞቢል በቀላሉ የማይተካ ሀብት ሆኗል። እንዲህ ያለውን ሀብት ለመልክ ሲባል ማጐሳቈል የነጋዴ ሥራ አይደለም።

በጐኑ 265/70R16 ተብሎ የተጻፈበት ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ነው። በእርሱ ፈንታ የሚመረጠው 285/75R16 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚነሣው በእኩሌታው ማለት በ28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባሌስትራውን ወይም ሞላውን ከፍ ማድረግ አካሉን እንጂ ዲፈረንሻሉን አያነሣምና፣ በድንጋያማ መንገድ ይህን ጥቅም የሚሰጠው ጎማው መሆኑን መካድ አይቻልም። ሁለት ጣት የማይሞላ ከፍታ ግን በብዙ ይገዛል።

ጎማው በ7 ከመቶ ሲተልቅ፣ ሞተሩ በመሬት ላይ የሚያሳርፈው የመጐተት ኃይል ወደዚያው መጠን ይደክማል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት አምስተኛውን ያህል አስቀድሞ ያጣ ነው። በዚህ ላይ ሲጨመርበት ነጂው ዳገቱን ባነሰ ማርሽ ይወጣል፣ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ይበላል። መድኃኒቱ የዲፈረንሻሉን ጥርሶች መለወጥ ነው፤ 4.10 የነበረው የቀድሞ ኃይሉን እንዲያገኝ ወደ 4.40 ግድም መሆን ይኖርበታል። ይህም በፊተኛውና በኋለኛው በአንድ ጊዜ መደረግ አለበት፤ ሁለቱ የተለያዩ እንደ ሆነ በደረቅ መንገድ በአራቱም ጎማ ሲነዳ የኃይል ማስተላለፊያው ተጨናንቆ ይሰበራል። ዕቃውን ከውጭ ማስመጣትና የሚገጥመውን ብልኅ ባለ ሙያ ማግኘት ከጎማው ዋጋ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ፍሬኑ ነው። ጎማው ሲረዝም ያው የፍሬን ሸራ ከበፊቱ የረዘመ ክንድ ያለውን ኃይል መግታት ይኖርበታል፤ የሞተሩም መያዝ እንደዚሁ ይላላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል የሚወርድ ባለ ጭነት አውቶሞቢል ይህን በሜዳ ሳይሆን በመጠምዘዣው ላይ ያውቀዋል።

የፍጥነት መለኪያውም ይሳሳታል። 100 ሲያሳይ እውነተኛው 107 ነው፤ የተሄደውን መንገድ ግን አሳንሶ ይቈጥራል። ስለዚህ አውቶሞቢሉን በኪሎ ሜትር ሒሳብ የሚያከራይ ሰው፣ በተቈጠረለት በየ100 ኪሎ ሜትሩ 7 ያህሉን በነጻ ይሰጣል፤ የዘይት መለወጫውም ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። (ነዳጅ በዛብኝ ብሎ የሚያማርር ባለቤት ከቅሬታው ከፊሉ የቈጣሪው ጥፋት መሆኑን ቢሰማ ጥቂት ይጽናናል።)

መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይፍቅ፣ ትርፉ ጎማም በመቀመጫው መግባቱን ማየት የግድ ነው። የኩሽኔታና የመሪ ዘንጎች መበላትም ይፈጥናል። 315/75R16 ለሚመኝ ደግሞ ቁመቱ 879 ሚሊ ሜትር ነውና ነገሩ አካል እስከ መቍረጥ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለው የስፖርተኛ እንጂ የነጋዴ ዕቃ አይደለም።

በአውስትራሊያ የአውቶሞቢል ማሻሻያ ደንብ፣ ከመንገድ ውጭ ለሚነዱት የተፈቀደው ጭማሪ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ካጸደቀው ትልቁ ጎማ በላይ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። አስመጪዎች ይህን ልክ እንደ ወሰን ቢይዙት መልካም ይሆናል። ይልቁንም ለጭቃና ለኮረኮንች የቈየው 7.50R16 በቂ መሆኑን ለደንበኛው መንገር ይገባል፤ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ግድም ሲሆን ጠባብ ስለ ሆነ መሪ አያከብድም። የጎማው ትልቅነት ብቻ ሸክም እንደማይጨምርም ይታወቅ፤ በጐኑ 112 የሚል የሸክም ቍጥር ያለበት ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም፣ 122 የሚል ያለበት 1,500 ኪሎ ግራም ይችላል።

ደንበኛው ሁሉን ሰምቶ ትልቁን ከመረጠ መብቱ ነው። ሻጩ ግን በደረሰኙ ላይ የቀድሞውንና የአዲሱን ጎማ ልክ፣ የሸክም ቍጥሩንና ፍሬኑ እንዲመረመር የሰጠውን ምክር ይጻፍበት፤ የኢንሹራንስ ማኅበሩም ለውጡን እንዲያውቀው ደንበኛውን ያሳስበው።