ስለ ብር ጌጥ ሠሪዎች የእጅ ዋጋ

ቀን በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ውሎ፣ ማታና ሰንበትን ብር እያቀለጠ ጉትቻና የአንገት መስቀል የሚሠራ ሰው በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለም። ከእነዚህም መካከል ወዳጅ ዘመድ ሲያደንቅለት፣ አንድ ሁለት ሱቅም ዕቃውን ሲቀበለው፣ ደመወዙን ትቶ ሙያውን መተዳደሪያው ለማድረግ የሚነሣ አለ። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ይህን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የእጁ ጉድለት ሳይሆን ዕቃው የሚገመትበትና ገንዘቡ የሚከፈልበት መንገድ ነውና፣ ነገሩ ከእርሱ አልፎ ባለሱቁንና ላኪውን ነጋዴ ይመለከታል።

ጌጥን በሚዛን መተመን ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። አንጥረኛው ለብዙ ዘመን ብሩን ያገኝ የነበረው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ በማቅለጥ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1780 ዓመት ቁጥር የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ሲመዝን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ደንበኛው ጠገራውን ቆጥሮ ያስረክባል፤ ጌጡ ሲያልቅ መዝኖ ይረከባል፤ ለአንጥረኛው ድካምም ጥቂት ይጨምርለታል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ጠገራው ቦታውን ከለቀቀ በኋላም ልማዱ አልቀረም። በወርቅ ረገድ እስከ ዛሬ በቂ ምክንያት አለው፤ የ21 ካራት አምባር የገዛች ሴት በችግር ቀን ብትሸጠው የሚመለስላት ከሺህ እጅ 875ቱ ወርቅ የሆነው ማዕድን ዋጋ ነው እንጂ የሠራተኛው ጥበብ አይደለምና።

በብር ሥራ ላይ ግን ይኸው ሚዛን ፍርድ ያጓድላል። 60 ግራም የሚመዝን ድፍን አምባር በግማሽ ቀን ቀልጦና ተቀጥቅጦ አለቀ ይባል። ከቀጭን የብር ክር እየተጠማዘዘ የተሠራ የ8 ግራም ጉትቻ ደግሞ ሁለት ቀን ፈጀ ይባል። ሁለቱም በግራም አንድ ዋጋ ቢሸጡ አምባሩ የጉትቻውን ሰባት እጥፍ ተኩል ያወጣል፤ በሥራው ቀን ሲታሰብማ ልዩነቱ 30 እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ ሥራው በረቀቀ መጠን ዋጋው ይወርዳል ማለት ነው። ደመወዝተኛው ይህን አያስተውለውም፤ ሰዓቱን መሥሪያ ቤቱ ከፍሎለታልና። ሙያውን ብቻ ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ግን ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ጉትቻውን ትቶ ድፍን አምባር ወደ ማቅለጥ ይዞራል። ገዢው ፈልጎት የመጣው ረቂቅ ሥራም ከባለሱቁ መስታወት ውስጥ ይጠፋል፤ ባለሱቁም ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ያማርራል።

ከዚህ የሚከፋው ዕቃን በአደራ ተቀብሎ ሲሸጥ የመክፈል ልማድ ነው። እርግጥ ባለሱቁ ኪራይና መብራት፣ የዘበኛም ደመወዝ አለበት፤ ባልታወቀ ሠሪ ዕቃ ላይ ገንዘቡን ማሰር ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ሦስትና አራት ወር ሲቀመጥ የታሰረው የሠሪው ብር ነው፤ ሌላ ብር የሚገዛበት ገንዘብም የለውም። የሚሻለው መካከለኛ መንገድ የማዕድኑን ዋጋ በርክክቡ ዕለት፣ የእጁን ዋጋ ደግሞ ዕቃው በተሸጠ ቀን መክፈል ነው። በዚህ አኳኋን ባለሱቁ ቢከስር እንኳ በእጁ ያለው ብር ነው፤ ብርም አይበሰብስም።

ሙያተኛውም በበኩሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። የጌጥ ገበያ በዓመቱ ውስጥ እኩል አይደለም፤ በመስቀልና በጥምቀት፣ በጥር ሠርግና ከፋሲካ በኋላ ይሞቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ደመወዙን ከመልቀቁ በፊት አንድ ሙሉ ክረምት ደመወዙን ሳይነካ፣ ከእጁ ሥራ ባገኘው ብቻ ቤቱን አስተዳድሮ ቢያይ መልካም ነው። የሰዓቱንም መዝገብ ይያዝ። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. የተተካው የንግድ ሕግ በእጁ ሥራ የሚኖረውን ባለሙያ ከነጋዴ ለይቶ ያየው ነበር፤ ብዙዎች ግን ይህን ሒሳብ አለመያዝ እንደ ተፈቀደላቸው አድርገው የቈጠሩት ይመስላል። ቤተ ዘመድ «አንጥረኛ ልትሆን ነው?» ብሎ ቢቃወም ግን ብዙ ሊያስጨንቀው አይገባም። ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ ዳግማዊ ምኒልክ ካወጁ፣ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ፣ መቶ ዓመት አልፏል።

ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት የብሩን ጥራት ማረጋገጥ አለባቸው። በእንግሊዝ አገር ከ7.78 ግራም በላይ የሚመዝን ጌጥ የሕግ ማኅተም ሳይኖረው ብር ነው ተብሎ አይሸጥም፤ በዚያም የታወቀው ደረጃ ከሺህ እጅ 925 ስለ ሆነ፣ ከጠገራ ብቻ የቀለጠ ብር ከዚህ ደረጃ በታች ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረትም ከቆዳ ጋር የሚነካካ ጌጥ የሚለቀውን ኒኬል በሕግ ወስኗል፤ ኒኬል ያለበትን ነጭ ብረት በብር ስም መላክ እንግዲህ ማታለል ብቻ ሳይሆን ጭነቱን በወደብ ማስቀረት ነው። ላኪው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከሠሪው የሚጠብቅ ከሆነ፣ የማቅለጡንና የመፈተኑን ወጪ በዋጋው ውስጥ ማስገባት አለበት።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ባለሱቁ ለገዢው በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ክብደቱን በአንድ መስመር፣ የብሩን ጥራት በሁለተኛው፣ የእጁን ዋጋ በሦስተኛው ለይቶ ይጻፍ። ከመጪው መስቀል በፊት ሊጀመር ይችላል።